ለነጅሚያ፣ በመጽሐፋችን መወያያ ገጽ ላይ

ውድ ነጅሚያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ እናትሽም ደህና ናቸው። ይህን ደብዳቤ በፖስታ እንዳልልከው አድራሻሽን አላውቅም፤ ደውዬ እንዳልነግርሽ ስልክ የለሽም። ስለዚህ ስናርመው በኖርነው መጽሐፍ መወያያ ገጽ ላይ፣ ስለ ነጠላ ሰረዝ ስንጨቃጨቅበት በነበረው ቦታ እጽፍልሻለሁ። እዚህ የተጻፈውን ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው እንደሚችል አውቃለሁ። ያንብቡት። ለአንቺ ይድረስሽ እንጂ የሌላው ሰው ዓይን አያሳስበኝም።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ የተውሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «ወደ አገር ቤት ሊያሳፍሩኝ ነው፤ ቆንስላው ትኬት ይቆርጥልሻል አሉኝ። ግን ዳግማዊት፣ ምን ይዤ ልግባ? ትንሽ ልቆይና ሌላ ቤት ልሞክር» ትያለሽ። መጀመሪያ «ነይ» ብዬ ብቻ ልመልስልሽ ነበር። ከዚያ ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እዚህ የሆነውን ነገር ገና እንዳልነገርኩሽ ትዝ አለኝ። ሳታውቂው እንድትወስኚ አልፈልግም። የምታውቂውንም ጨምሬ እጽፈዋለሁ፤ ከአንቺ በቀር የማወራው ሰው የለኝምና።

መጀመሪያ በተገናኘን ጊዜ እዚህ ላሊበላ ሆቴላችን ባዶ ነበር። ጦርነቱ አልፎ መንገዱ ቢከፈትም እንግዳ አልተመለሰም። እኔ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ የማይመጣ ሰው እጠብቃለሁ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዘውገ አዳራሹ ተዘግቶ አቧራ ከሚጠጣ ብለው፣ ይታገሱ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ለበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና እንዲሰጥበት ፈቀዱ። ዝናብ የሚወርድበት ቅዳሜ ነበር። ከሾፌሩ ከሸዕባን ሚኒባስ ወርደሽ፣ ሒጃብሽ ረጥቦ፣ የጫማሽን ጭቃ በሩ ላይ ስትጠርጊ አየሁሽ።

«እህትዋ፣ መጽሐፍ የሚታረመው እዚህ ነው?» አልሽኝ።

«እዚህ ነው፤ ግን እስካሁን የሚያርም ሰው አልመጣም» አልኩሽ።

ሳቅሽ። አዳራሹን ላሳይሽ ገብቼ እዚያው ቀረሁ።

ይታገሱ ነገሩን ሲያስረዳን አንቺ ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጥ ጎበዝ ተማሪ ከፊት ተቀምጠሽ ነበር። ድሮ የታተሙ መጻሕፍት በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት ፎቶ እየተነሱ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጠዋል፤ ነገር ግን ፎቶ ናቸው አለን። ቃል ቢፈልጉባቸው አይገኝም፤ ማየት የተሳነው ሰው ስልኩ አንብቦለት አይሰማቸውም። ኮምፒውተር ፎቶውን ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ፊደሉ ይምታታበታል። ስለዚህ ሰው ያስፈልጋል። ፎቶውን በአንድ በኩል፣ ጽሑፉን በሌላ በኩል አድርጎ ፊደል በፊደል የሚያመሳክር ሰው። አንዱ ያረመው ገጽ ቢጫ ይሆናል፤ ሌላ ሰው ደግሞ አይቶ ሲያጸድቀው አረንጓዴ ይሆናል። ራስሽ ያረምሽውን ራስሽ ማጽደቅ አትችይም።

የደረሰን መጽሐፍ አንድ የላስታ ሲራራ ነጋዴ በእርጅናው ያስጻፈው፣ በቅሎ ጭኖ ስለዞረባቸው ገበያዎች የሚናገር ነበር። ኮምፒውተሩ «በ»ን «ሰ» እያለ ስላነበበው፣ ሰውዬው በየገጹ «ሰቅሎውን ጭኖ» ሲጓዝ፣ «ሰቅሎው ደክሞት» ሲያርፍ፣ አዳራሹን በሳቅ አናወጥነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ በቅሎ ባየን ቁጥር «ሰቅሎዋ መጣች» እንባባል ነበር። አሁን በቅሎ ሳይ የምነግረው ሰው ስለሌለ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ሰው ሲያየኝ ምን እንደሚል እንጃ።

ሌሎቹ ሠልጣኞች አንድ በአንድ ቀሩ። እኔና አንቺ ብቻ ተረፍን። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው መሐል ተጣበሽ ከጋሸና ትመጪያለሽ፤ እኔ ከሥራ ስወጣ አዳራሹን እከፍታለሁ። የአማርኛ አስተማሪነትሽ ግን መከራ ሆነብን። ነጋዴው «ዓይን»ን አንዴ በዐይኑ «ዓ»፣ አንዴ በአልፋው «አ» ይጽፋል፤ ልታርሚው እጅሽን ያሳክክሻል።

«ወላሂ ይህ ሰውዬ ክፍሌ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዜሮ ነበር የምሰጠው!» ትያለሽ።

ይታገሱ በስልክ ከአዲስ አበባ ይስቃል። «ነጅሚያ፣ የኮምፒውተሩን ስሕተት አርሚ፤ የደራሲውን ግን እንዳለ ተይው። ታማኝነታችን ለታተመው ገጽ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስትናደጂ የማሻሻያ ማስታወሻ በሚጻፍባት ጠባብ ሣጥን ውስጥ «እንዳለ ይተው፣ አላህ ይይለት» ብለሽ ትጽፊ ጀመር። ስንቱን ገጽ እንዲህ እያልሽ አለፍሽው!

ስለ ሙጃ ገበያ የሚያወራው ገጽ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ ገጠመን። መጽሐፉን ፎቶ ያነሳው ሰው አውራ ጣት ከገጹ ግርጌ ላይ ተጋድሟል። ጥፍሩ ሳይቀር ይታያል። «የሙጃ ገበያ ሴቶች የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው...» ይልና ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ከጣቱ ሥር ነው። ይታገሱ ገጹን «ጉድለት አለበት» ብለን ምልክት አድርገንበት እንድንሄድ ነገረን። አንቺ እምቢ አልሽ። እናትሽ የተወለዱት ሙጃ ነውና።

«መጽሐፍ በአንድ ቅጂ ብቻ አይታተምም። ሌላ ቅጂ የሆነ አገር መደርደሪያ ላይ አለ» አልሽ።

ስንት ቅዳሜ ፈለግን! የውጭ አገር ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የአማርኛውን ርእስ በላቲን ፊደል ነው የሚመዘግበው፤ አንዱ ጋ «ሲራራ» በአንድ «ር» ነው፣ ሌላው ጋ በሁለት፤ «ጨ» እና «ጸ»ማ እንደ መዝጋቢው ነው። በሁሉም ዓይነት እየጻፍሽ ሞከርሽ። በመጨረሻ አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በደራሲው ስም ሳይሆን በማተሚያ ቤቱ ስም ተመዝግቦ አገኘሽው። ስትጮኺ አቶ ዘውገ ሰው የሞተ መስሏቸው ሮጠው ገቡ። ገጹን ከፈትን። ጣት የለም። «የሙጃ ገበያ ሴቶች የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ መንገደኛ በብርድ ሲንዘፈዘፍ ያዩት እንደሆነ፣ ዘሩንም ሃይማኖቱንም ሳይጠይቁ ከባናቸው ጫፍ ያለብሱታል» ይላል።

በማግስቱ ጋሸና ሄደን በእናትሽ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሾፌሮቹ ምሳቸውን እየበሉ፣ ገጹን ከስልክ ላይ አነበብሽላቸው። እናትሽ እትዬ ሀፊዛ የእጃቸውን ሊጥ ሳይታጠቡ ቆመው ሰሙሽ።

«ማን ነው ይህን የጻፈው?» አሉ።

«የድሮ ነጋዴ ነው፣ እማ።»

«እናቴን ያውቃት ነበር ማለት ነው» አሉና ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። አንዱ ሾፌር «እትዬ፣ ወጡ አለቀብኝ» ሲላቸው «ቆይ እስቲ፣ እናቴን እያወሩልኝ ነው!» ብለው ተቆጡት። ነጅሚያ፣ በዕድሜዬ ከኖርኳቸው ቀኖች ሁሉ መርጠሽ አንዱን ድገሚ ቢሉኝ ያን እሑድ ነበር የምደግመው።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። በጦርነቱ ጊዜ ጣሪያው የተበሳሳው የምግብ ቤታችሁ የኋላ ግድግዳ በዝናቡ ተደረመሰ። ቅዳሜ ስትመጪ ማያው ላይ አፍጥጠሽ ገጽ ሳትቀይሪ ትቆያለሽ። «ምን ሆነሻል?» ስልሽ «አብሽሪ፣ ምንም አልሆንኩም» ትያለሽ። አንድ ቅዳሜ ሸዕባን መጣ፤ አንቺ የለሽም።

«ነጅሚያስ?» አልኩት።

«አልነገረችሽም እንዴ?» አለና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «አረብ አገር ሄደች እኮ። ለእናቷም አልነገረች፤ ተኝተው ሳሉ ነው የወጣችው።»

ተናደድኩብሽ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም። ለምን እንዳልነገርሽኝም ይገባኛል፤ ብትነግሪኝ ሚኒባሱ በር ላይ ይዤሽ እቆም ነበር። ግን መሰናበት እንኳ ነፈግሽኝ። አዳራሹ ውስጥ ገብቼ አንቺ ትቀመጪበት የነበረውን ወንበር እያየሁ አልቅሼ ስጨርስ፣ ያረምኳቸውን ገጾች ከፈትኩ። ሁሉም ቢጫ ናቸው። የሁለተኛ ሰው ዓይን ይፈልጋሉ።

በመጀመሪያ ለእናትሽ ትደውዪ ነበር። ቀስ በቀስ ጥሪው ራቀ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። የወሰደሽ ደላላ ሲጠየቅ «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» ይላል። ዓመት አለፈ። እኔ ወደ ጋሸና በሄድኩ ቁጥር እናትሽ ከሩቅ ፊቴን ያነባሉ፤ ወሬ እንደሌለኝ ሲያውቁ «በይ ግቢ፣ ምሳ ብዪ» ይሉኛል እንጂ አይጠይቁኝም። አለመጠየቃቸው ይብስብኛል። ይታገሱ መጽሐፉ እንዲያልቅ ቢጫዎቹን ገጾች እኔ ላጽድቃቸው ሲለኝ «ትንሽ ጠብቃት» አልኩት። ምን እንደምጠብቅ ለራሴም አላወቅሁም ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ሻይ ይዤ መጽሐፉን ስከፍት፣ ስለ ተከዜ መሻገሪያ የሚያወራው ገጽ አረንጓዴ ሆኗል። ይታገሱ ነው ብዬ የአጽዳቂውን ስም አየሁ። «የጋሸናዋ» ይላል። አንቺ የምትገቢበት ስም! ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የይለፍ ቃልሽን ሌላ ሰው አግኝቶት ይሆን ብዬ ደግሞ ፈራሁ። ከዚያ ማስታወሻዋን ሣጥን አየኋት፤ «እንዳለ ይተው፣ አላህ ይይለት።» ሌላ ማን እንዲህ ይላል?

እዚሁ ገጽ ላይ «ነጅሚያ፣ አንቺ ነሽ?» ብዬ ጻፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስከፍት ስዘጋ ሰነበትኩ። በቀጣዩ ዓርብ መልስ መጣ።

«ነኝ። አሠሪዎቼ ስልኬን ወስደውብኛል። ይህ የልጆቹ መማሪያ ታብሌት ነው፤ መደወያውም መልእክቱም ተዘግቷል። ይህ ገጽ ግን ተከፈተልኝ። ዓርብ ዓርብ ሲወጡ ነው የማገኘው። ለእማ አለች በያት።»

አቶ ዘውገን አስፈቅጄ በዚያው ሰዓት ከሸዕባን ጋር ጋሸና ሄድኩ። እናትሽ ፊቴን አይተው ገና ከበሩ ሳልገባ ተቀመጡ። አነበብኩላቸው።

«ድምጿስ?» አሉኝ።

«ድምፅ የለውም እትዬ፤ ጽሑፍ ነው።»

«እንደገና በይው እስቲ።»

እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ስልኩን ተቀበሉኝና «የትኛው ነው እሷ የጻፈችው?» አሉ። አሳየኋቸው። ያረምሽውንም ገጽ ከፈትኩላቸው፤ ኮምፒውተሩ ያበላሸውን፣ እኔም ያላየሁትን አንድ ፊደል አንቺ አስተካክለሽው ነበር። በጣታቸው ነኩት። ጣታቸው ሲነካው ገጹ ተንሸራተተ፤ ደንግጠው «ውይ፣ አጠፋሁት እንዴ?» አሉ። «አይጠፋም» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ደጋግመው።

ከዚያ ዓርብ ዓርብ እየጠበቅን የተጻጻፍነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ውልሽ ማለቁን፣ ፓስፖርትሽን ይዘው አንለቅሽም ማለታቸውን ስትጽፊልኝ ግን ከዚህ በኩል የተደረገውን ሁሉ አልነገርኩሽም፤ እንዳትፈሪ ነበር። እናትሽ የወረዳውን ቢሮ ደጅ ጠኑ። «ያለችበት አድራሻ ካልታወቀ ምን እናድርግ?» አሏቸው። አድራሻውን ደግሞ አንቺም አታውቂውም ነበር። ያኔ ነው ከመስኮት የሚታይሽን ሁሉ እንድትጽፊልኝ የጠየቅሁሽ። የመድኃኒት ቤቱን ሰሌዳ፣ የመስጊዱን ስም፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ጎን፣ ቁርኣን ቤት በተማርሽው የዐረብኛ ፊደል አንድም ነጥብ ሳታጓድዪ ገልብጠሽ ላክሽልኝ። ይታገሱ ካርታ ላይ ፈልጎ ሠፈሩን አገኘው፤ የጻፍሽውንም ሁሉ አትሞ አዲስ አበባ ላይ ከቢሮ ቢሮ ይዞት ዞረ። አንዱ ጸሐፊ «ይህ ምንድን ነው? የመጽሐፍ እርማት ነው ወይስ አቤቱታ?» ብሎ ጠይቆት ነበር። «ሁለቱም ነው» ብሎ መለሰለት።

ከዚያ ድንገት ዝም አልሽ። ያ ዝምታ ከፊተኛው ይብስ ነበር፤ ታብሌቱ ላይ ያገኙብሽ መሰለኝ፤ እኔ ያስጻፍኩሽ ነገር ያስጎዳሽ መሰለኝ። እናትሽ ለዱዓ ሲቀመጡ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ በራሴ ጸሎት እጸልይ ነበር። እንግዲህ ቆንስላው በዚያ አቤቱታ አግኝቶ ካስገባሽ መጠለያ የጻፍሽው መልእክት ሲመጣ እንዴት እንደሆንን አስቢው። «ወጥቻለሁ» የሚለውን ቃል ሳነብላቸው ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሾፌር ሁሉ አጨበጨበ። የማያውቅሽ ሰው ሁሉ!

እና አሁን «ምን ይዤ ልግባ» ትያለሽ።

ይህንንም ለእናትሽ አነበብኩላቸው። ባላነበው ይሻል ነበር፤ ግን ከአንቺ የመጣውን ቆርጬ ማስቀረት አልቻልኩም። ጭልፋውን ድስቱ ላይ አጋደሙት።

«ምን ይዤ? እኔ ዕቃ ግዥልኝ ብዬ ላክኋት? እኔማ አልላክኋትም፤ ስነቃ አጣኋት እንጂ! ጻፊላት ዳግማዊት። በእጅሽ የያዝሽውን ማን ጠየቀሽ፣ አንቺን ነው የምፈልገው በያት። ቤቱም ቆሟል በያት።»

አዎ፣ ነጅሚያ። ቤቱ ቆሟል። ይህን ነው የማታውቂው። አንቺ በሄድሽ በበጋው የሠፈሩ ሰው ደቦ ወጥቶ የኋላውን ግድግዳ በድንጋይ ሠራው። ሸዕባን ድንጋዩን በሚኒባሱ ሲያመላልስ ወንበሮቹን ነቅሎ ነበር፤ እስከ ዛሬ አንዱ ወንበር እየተነቃነቀ ያስቸግራል። እናትሽ በስልክ ሊነግሩሽ ሲጠብቁ ጥሪሽ ጠፋ፤ በዚህ ገጽ ስንጻጻፍ ደግሞ «ለዚያ ግድግዳ ብዬ በከንቱ ተሠቃየሁ ብላ ታዝናለች፣ ተይው» አሉኝ። አሁን ግን ልጻፈው ብዬ ለመንኳቸው። ግድግዳው ላይ ዕዳ ያለብሽ እንዳይመስልሽ። የለብሽም።

ሁሉም ነገር እንደነበረ ይጠብቅሻል ብዬ አልዋሽሽም። ክፍልሽ ሌላ አስተማሪ ገብቶበታል፤ ቦታ እስኪገኝልሽ መቸገርሽ አይቀርም። ሰውም ያወራል። ከአረብ አገር የመጣች ሴት ሻንጣዋ ስንት እንደነበር የሚቆጥሩ አሉ፤ ታውቂያቸዋለሽ፤ እኔም አውቃቸዋለሁ። ሌሊት ትባንኚ ይሆናል፤ ስላሳለፍሽው ማውራት ሊያቅትሽ ይችላል። አንጠይቅሽም። ማውራት ስትፈልጊ እሰማለሁ፤ ካልፈለግሽ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ከአንቺ ጋር ዝም ማለትም ናፍቆኛል።

ይታገሱ መጽሐፉን ጨርሶታል፤ ከእንግዲህ መጠበቅ ተገቢ አልነበረምና እሺ አልኩት። ያንቺም የእኔም ስም ከአራሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ገብቷል። የሙጃ ትምህርት ቤት አንድ አስተማሪ ገበያው የተጻፈበትን ገጽ ለተማሪዎቹ አንብቦ፣ ልጆቹ «የማን አያት ናት?» ብለው እንደተሟገቱ ጽፎልናል። አንቺ ጣት የተጋደመበትን መስመር ፍለጋ ባትደክሚ ኖሮ አይሰሙትም ነበር። ሌላ መጽሐፍ እንድጀምር ይታገሱ ጠይቆኛል። አልጀመርኩም። ብቻዬን መሥራት ስለማልችል ሳይሆን፣ ብቻዬን መሳቅ ስለሰለቸኝ ነው።

ለቆንስላው እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ ብለሻል። እባክሽ እሺ በያቸው። የምታርፊበትን ቀን ጻፊልኝ፤ ቦሌ በሩ ላይ እቆማለሁ። እናትሽን መንገዱ ረጅም ነው፣ ወገብዎን ያምዎታል፣ እኔ ይዣት እመጣለሁ ብያቸው ነበር። ትናንት ግን ሸዕባንን ሳገኘው፣ አንቺ ገና «እመጣለሁ» ሳትይ እሳቸው ለአዲስ አበባው መንገድ የፊት ወንበሩን ይዘዋል አለኝ፤ ለመመለሻው ደግሞ ከኋላቸው ያለውንም ለአንቺ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ፣
ዳግማዊት
ከላሊበላ